የወፍጮ ፈጪዎቹ ስም

የባሌ አባት የቤተሰባቸው ስም በጀርመንኛ «ወፍጮ ፈጪ» ማለት እንደሆነ የነገሩኝ በተዋወቅን ቀን ነው። ሳቄ አመለጠኝ። እኛ አገር ሰውን በሙያው መጥራት ስድብ ነው፤ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ እየተባለ ስንቱ ተጣልቷል። እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ነበር የተናገሩት። «የእናንተስ የቤተሰብ ስም ማን ነው?» አሉኝ። የለንም አልኳቸው። የራሴ ስም አለ፣ ቀጥሎ የአባቴ፣ ቀጥሎ የአያቴ፤ ወንድሜ ሲወልድ አያቴ ይወርዳል። «ታዲያ የማን ዘር እንደሆናችሁ በምን ታውቃላችሁ?» ሲሉኝ አባቶቼን እስከ ሰባት ቤት እቆጥርላቸው ጀመር። አራተኛው ላይ ስደርስ ሻይ ሊያፈሉ ተነሡ።

ባሌ የበቆሎ ዱቄት የሚያከፋፍል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጆሃንስበርግ ዳር ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ለነበረችኝ ስፓዛ፣ ለትንሿ ሱቄ፣ ዱቄት ሲያራግፍ ነው የተዋወቅነው። እኔ ከሆሳዕና የመጣሁ ጴንጤ፣ እሱ የጆሃንስበርግ ክልስ። አባቱ ሮዘተንቪል ሰፈር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ጡረታ የወጡ አናጢ። ከሁለታችን በቀር ዘመድ የሚሉት አልነበራቸውም።

አንድ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ነበራቸው። በድሮ የጀርመን ፊደል የታተመ ስለሆነ እሳቸውም ማንበብ አይችሉም። የፊተኛው ባዶ ገጽ ላይ ግን ስሞች በእጅ ተጽፈዋል። የመጀመሪያው የአንድ ወፍጮ ቤት ባለቤት ሁለተኛ ልጅ ነው። ወፍጮውን ታላቅ ወንድሙ ወረሰ፤ ለእሱ የቀረው ስሙ ነበር። ስሙን ይዞ በመርከብ ኬፕ ወደብ ደረሰ፣ ከዚያ በበሬ ጋሪ አልማዝ ወደሚቆፈርበት አገር ወጣ። እዚያ ከአንዲት የአገሬው ሴት ልጅ ወለደና በራሱ እጅ መዘገበው። ኋላ ነጭ ሚስት ሲያገባ መጽሐፉንም ልጁንም ትቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ስሙ የነጮቹ ልጆች ብቻ ሆነ። የጥቁሯ ሴት ልጅ ለጥምቀት መዝገብ ሲቀርብ ፓስተሩ ስሙን አልጽፍም አለ። እናትየው በየእሑዱ ያንን ከባድ መጽሐፍ ተሸክማ እየሄደች ጠረጴዛው ላይ ትከፍትለት ነበር። በስንተኛው እሑድ እንደጻፈላት የሚያውቅ የለም፤ መጻፉን ግን ሁሉም ያውቃል። ልጁ አድጎ ስሙን ወደ ጆሃንስበርግ ይዞት መጣ። አማቴ ይህን ሲተርኩ ድምፃቸው ይለወጣል። እኛም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የምንለው ግን ስለ መልካም ሥራ ነው። እሳቸው የሚሉት ስለ ስሙ ስለ ራሱ ነበር።

ልጄን የወለድኩ ዕለት ባሌ ደርባን መንገድ ላይ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ቅጽ ሰጡኝ። የልጁን ስም ጻፍኩ፤ የቤተሰብ ስም በሚለው በሚቀጥለው መስመር፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስጽፍ እንደኖርኩት፣ የአባቱን ስም ጻፍኩ። ባሌ እናቱ ያወጣችለትን፣ የሚጠራበትን ስም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ፊደሉን አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ባሌ መጥቶ ወረቀቱን ሲያይ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ለአባቴ እንዳትነግሪው። አስተካክለዋለሁ» አለኝ።

ዛሬ ጭነት አለ፣ ነገ ጭነት አለ እያለ ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ ከደርባን ሲመለስ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገለበጠ።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ምዝገባ ቢሮ ሄድኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ፋይሉን ሳታይ «አባትየው መጥቶ ይፈርም» አለችኝ። «ከየት ላምጣው?» አልኳት በአማርኛ። ሌላ ሠራተኛ መጥቶ፣ የአባት አባት ቀርቦ ቢምል እንደሚቻል ነገረኝ። ስለዚህ መናዘዝ ነበረብኝ። ፈራሁ። ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሳምንት እስኪቀረው ድረስ በፍርሃት ቆየሁ።

አማቴ የልደት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። «ያቺ ሴት ለዚህ ስም በየእሑዱ ደጅ ጠንታለች» አሉ። «አንቺ በአንድ እስክሪብቶ ጣልሽው።» አለቀስኩ። አላባበሉኝም፣ አልፈርድባቸውም። ከእኔ ልጅ በቀር ስሙን የሚወስድላቸው አልነበረም። ሰኞ መጀመሪያ ልጁን ትምህርት ቤት እንድናደርስ፣ ከዚያ ቢሮ እንድንሄድ ተስማማን።

ሰኞ መጽሐፍ ቅዱሱን በፎጣ ጠቅልለው መጡ። ግቢው ውስጥ ልጆቹ ተሰልፈዋል፣ እኛ አጥሩ ጋ ቆመናል። አስተማሪዋ ዝርዝሩን ይዛ በቤተሰብ ስም ትጠራ ጀመር። ድንገት የባሌን ስም ጮክ ብላ ጠራች።

አማቴ ዞር አሉ። ወደ ልጁ አይደለም፣ ወደ በሩ። የጠፋ ሰው መጣ የተባሉ ያህል ፊታቸው በርቶ ነበር። በሩ ላይ ማንም የለም። ከሰልፉ መሃል ልጄ እጁን አውጥቶ «ፕሬዘንት፣ ማም!» አለ። አማቴ አጥሩን ያዙ።

ታክሲ ውስጥ መጽሐፉን ከነፎጣው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «ቢሮው ይቅር» አሉ።

«ለምን አባባ?»

«የልጄን ስም በየቀኑ ይጠሩታል እኮ።»

ነገሩን ዳግመኛ አላነሣነውም፣ ቁጭቱ ግን ከሁለታችንም አልወጣም። አንዳንድ ጠዋት ልጁን እኔ ላድርሰው ይሉና አስተማሪዋ ዝርዝሩን እስክትጨርስ አጥሩ ጋ ይቆሙ ነበር።

ባለፈው ክረምት አረፉ። የቀብር አስፈጻሚው ቅጽ ሲሰጠኝ ሌላ የሚሞላ ሰው ስላልነበረ እኔው ተቀበልኩት። መጽሐፍ ቅዱሱን አጠገቤ ከፈትኩ። የቤተሰብ ስም የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጄን አሳረፍኩና ከመጀመሪያው ሰውዬ የእጅ ጽሑፍ ላይ እያየሁ አንድ በአንድ ገለበጥኩት።

«ትክክል ነው? ድንጋዩ ላይ የሚቀረጸው ይኼ ነው» አለኝ ሰውየው።

«ትክክል ነው» አልኩት። በዚህኛው አልተሳሳትኩም።