አማኑኤል የሚኖሩት ገጣሚ

የሙዚቃ ባለሙያዎችን መብት በሚያስከብር ማኅበር ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት መርካቶ ተመደብኩ። ሙዚቃ ከፍተው የሚነግዱ ሱቆችንና ካፌዎችን እየዞርኩ፣ የሰው ዘፈን በአደባባይ ለማሰማት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ማስረዳትና ደብዳቤ መስጠት ነበር ሥራዬ። የአዋጁን አንቀጾች በቃሌ ይዤ ወጣሁ።

እስከ ምሳ ሰዓት ደብዳቤ የተቀበለችኝ አንዲት አስተናጋጅ ብቻ ናት። እሷም ሳታየው የብርጭቆ ማስቀመጫ አደረገችው።

ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ባለው የጫማ መደዳ፣ አንድ ወጣት ነጋዴ በሩ ላይ ትልቅ ሞንታርቦ አቁሞ ዘፈን ለቋል። ጮክ ብዬ ሰላም አልኩትና ደብዳቤውን ዘረጋሁለት።

"እህቴ፣ ንግድ ፈቃዴ ያውልሽ፣ ግድግዳው ላይ።"

"ይሄኛው የሙዚቃው ነው።"

"ፍላሹን በገንዘቤ ነው ያስጫንኩት። የራሴን ዕቃ ለመስማት ደግሞ ፈቃድ?"

አንቀጹን ስጠቅስለት ጎረቤቶቹ ከበቡን። አንዱ "ነገ ለማፏጨትም ፈቃድ አውጡ ይሉናል" አለና ሳቁ። ነጋዴው ደብዳቤውን እጄ ላይ መለሰው። አልሰደበኝም፤ ግን እንባዬ መጣብኝና ፊቴን አዞርኩ።

"ነይ ልጄ፣ አረፍ በይ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከፊት ለፊት ብርድ ልብስ የሚያከፋፍሉ፣ ሰፈሩ "ሐጂ" የሚላቸው አዛውንት ናቸው። እሳቸው ሱቅ ሙዚቃ የለም። ጥቅልል ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ ነገሩን እስክጨርስ ሰሙኝ።

"ገዝቶት የለ? ታዲያ ምን ቀረበት?" አሉ።

"ሐጂ፣ የገዛው ቤቱ ሊሰማው ነው። እዚህ ግን ገበያ ይጠራበታል። ዘፈኑ እየሠራለት ነው፤ የደከመበት ሰው ግን ይህን አያውቅም።"

"እንዲህ ብለሽ ነግረሽዋል?"

"አንቀጹን ነው የነገርኩት።"

"አንቀጽ የሰማ ነጋዴ ቅጣት ነው የሚታየው። ከወረቀቱ በፊት ሰውየውን ንገሪው። አሁን የሚዘፈነውን ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ?"

አውቅ ነበር። የግጥሙ ደራሲ ሐሙስ ሐሙስ ቢሯችን ይመጣሉ።

ሐጂ ራሳቸው መንገዱን አሻገሩኝ። "አንዴ ቀንሰው፣ ልጅቷ የምትነግርህ አላት" አሉት፤ ወዲያው ቀነሰ። ግጥሙን የጻፉት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር እንደሆኑ፣ አማኑኤል ሰፈር እንደሚኖሩ፣ ከዚያ በእግር እንደሚደረስ ነገርኩት።

"እኔ እኮ ዘፋኙ ራሱ የጻፈው ይመስለኝ ነበር" አለ። "እዚህ እንደሚዘፈን ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

ደብዳቤውን ተቀብሎኝ አጥፎ ኪሱ ከተተው። "ላንብበው" ብቻ አለ።

በሳምንቱ ቢሯችን መጥቶ ቅጹን ሞላ። ከሳቁብኝ ጎረቤቶቹም ሁለቱ ተከተሉት። ሌሎቹ እስከ ዛሬ እምቢ እንዳሉ ናቸው። መምህሩ ይህን ስነግራቸው አላመኑኝም፤ አንድ ቅዳሜ ከዘራቸውን ይዘው ሄዱና ጫማ ሻጩ ዱካ አውጥቶ አስቀመጣቸው። ግጥሙ ውስጥ ዘፋኙ የሳተውን አንድ ቃል አርመውለት ተመለሱ አሉ።

ደብዳቤው በተመለሰብኝ ቀን ከመርካቶ እንደወጣሁ መልቀቂያ ላስገባ ወስኜ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም። ሐጂ ባይጠሩኝ ኖሮ ዛሬ ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከዓመት በኋላ፣ ስለ ፈቃድም ስለ ዘፈንም ግድ የማይሰጣቸው ሰው ለምን እንደጠሩኝ ጠየቅኳቸው።

"ልጄ ባንክ ነው የምትሠራው" አሉኝ። "ደብተር ክፈቱ እያለች ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች። እሷንም የሆነ ሰው አረፍ በይ ይላታል ብዬ ነው።"

አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲመደብልኝ፣ ከማንም በፊት እሳቸው ዘንድ ወስጄ አስተዋውቀዋለሁ።