ከግድግዳው ማዶ ያለው ገመድ

ጴጥሮስ በዚያ አርብ ረፋድ መሰላሉን ለአራተኛ ጊዜ ግድግዳው ላይ ሲያስደግፍ ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ድሮ ቢሆን "ጋሼ መጡ፣ ተገላገልን" ይባልለት ነበር። አሁን ግን ኔትወርኩ ወር ሙሉ ሲቆምና ሲነሣ ሰንብቶ የሰዉን ትዕግሥት ጨርሶታል።

ቢሮው ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ነስረዲን የሚባል ብርድ ልብስ አስመጪ በሰባት ኮምፒውተር ይሠራበታል። እዚህ የተጻፈው ትእዛዝ በኢንተርኔት ኮልፌ መጋዘን ካልደረሰ ጭነት አይነሣም። ማክሰኞ ዕለት ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ትእዛዝ ሲጠብቅ ግማሽ ቀን ቆመ። ነስረዲን ድምፁን ሳያነሣ፣ "ጋሼ፣ እስከ ቅዳሜ ይዩት። ካልሆነ ሌሎች ልጆች ይመጣሉ" አለው። ስድብ የለበትም። ተቆጥቶ ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ጴጥሮስ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሬዲዮ የሚያሠራ ሰው ሲጠፋ፣ በሃምሳ ዓመቱ፣ ከተጣለ ኮምፒውተር ጋር እየታገለ፣ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታ ይህን የኔትወርክ ጥገና ሙያ ተማረ። ሰርተፊኬት የለውም። ያለው ስሙ ነው፤ "ጴጥሮስ የነካው አይበላሽም" የሚባለው።

ይህን ስም ለማዳን ሲል ያልተገባ ነገር አድርጓል። ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ብቻውን ሲሞክረው ኔትወርኩ ይሠራል፤ ሰው ሲገባ ይቋረጣል። እንግዲያው ጥፋቱ የሰው ነው ብሎ ደመደመና ትእዛዝ የምትጽፈውን ፋኢዛን በሁሉም ፊት፣ "በስልክሽ ቪዲዮ እያየሽ መስመሩን የምታንቂው አንቺ ነሽ!" አላት። ልጅቷ ስልኳን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችው። በማግስቱም ኔትወርኩ ቆመ። ይቅርታ ግን አልጠየቃትም።

አሁን በመሰላሉ ሥር ስታልፍ፣ "ጋሼ፣ ስልኬ ተቆልፎበትም ያንቃል እንዴ?" አለችው።

ቢሮው ሳቀ። እሱ ሽቦ የሚመረምር መሰለ።

ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ወንዶቹ ለጁምዓ ወረዱ፣ ሴቶቹም ለምሳ ወጡ። ጴጥሮስ ብቻውን ቀረ። አንዱን ኮምፒውተር ያለማቋረጥ ወደ ውጭ እንዲጣራ አዘዘው፤ መልስ በመጣ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይወርዳል። በመስኮቱ ሲያይ ሰጋጁ አስፋልቱን ሞልቶታል፤ ያ ሁሉ የመርካቶ ጩኸት የት እንደ ገባ እንጃ። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም መስመር አልጎደለም።

ሶላቱ አበቃ። የቢሮው ደረጃ ገና ጭር እንዳለ፣ ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ሰአዳ ሱቅ የብረት መዝጊያ እየተንኳኳ ወደ ላይ ተጠቀለለ። ትንሽ ቆየ። መስመሮቹ ቆሙ።

ቢሮው ውስጥ ከእሱ በቀር ሰው የለም። ጴጥሮስ ግድግዳውን አየ፤ ከዚያም ከወለሉ ከፍ ብላ ያለችውን ቀዳዳ። ራሱ የበሳት ናት።

እትዬ ሰአዳ ነጠላና ጋቢ ነጋዴ ናት፤ ኢድ ከጾም ጋር ሲገጥም ለእሱ የጾም ምግብ ለብቻ የምታስቀምጥለት ጎረቤት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ "ጅዳ ያለችውን ልጄን፣ ሀፍሷን፣ ፊቷን ካየሁ ዓመት ሞላኝ" ስትለው፣ ጎረቤት ገመድ አይከለከልም ብሎ ከቢሮው መስመር ሳበላት። ለነስረዲን አልነገረውም።

ወደ ሱቁ ገባ። በተደራረበው ጋቢ አናት ላይ አንዲት ነጭ የዋይፋይ ሳጥን ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ይቺን ማን አመጣት?"

"ሙስአብ ነዋ፣ የወንድሜ ልጅ። አሮጌው ኮምፒውተሬ ከሞተ ወር አለፈው አይደል? በዚህች አሁን ሀፍሷን በስልኬ አያታለሁ። ስገባ እሰካታለሁ፣ ስወጣ እነቅላታለሁ። ምነው ጋሽ ጴጥሮስ፣ ፊትዎ ጠቆረ?"

ሳጥኗን ገልብጦ ጀርባዋን አነበበ። ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው የአድራሻ ቁጥር ቢሮውን ከኢንተርኔት ከሚያገናኘው ሳጥን ቁጥር ጋር አንድ ነው። እህል በረንዳ መሀል "ጃፋር!" ብለው ሲጣሩ ሁለት ጃፋር ዞሮ ጭነቱ ያለቦታው እንደሚራገፍ ሁሉ፣ ኮምፒውተሮቹ የቢሮውን ሳጥን ሲጠሩ ይቺም አቤት ትላለች።

"ጥፋት አጠፋሁ እንዴ?"

"አይ፣ እትዬ። ያጠፋው ሌላ ነው።"

ቁጥሩን ለመለወጥ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ለውጦ ቢመለስና "ተስተካክሏል" ቢል ስሙ ይድናል፤ ማንም አያውቅም። ፋኢዛ ግን እንደ ተወነጀለች ትቀራለች። እጁ ሳጥኗ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ነቀላትና ይዟት ሄደ።

ሠራተኛው ተመልሶ ነበር። ሳጥኗን ነስረዲን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ ገመዱን ማን እንደ ሳበ፣ ለምን እንደ ሳበ፣ ቆሞ ተናገረ። የቢሮውንና የኔትወርኩ ሳጥን የሚቆለፍበትን ካቢኔ ቁልፎችም ከጎኗ አስቀመጠ።

"ቢጠይቁኝ እከለክላት ነበር?" አለ ነስረዲን።

"አትከለክልም ነበር።"

"ታዲያ?"

ውለታው የራሱ ብቻ እንዲሆን ፈልጎ እንደ ነበር ለጴጥሮስ አሁን ገና ገባው።

ነስረዲን ሳጥኗን ወደ እሱ ገፋት። "የእትዬ ሰአዳን መስመር በደንብ ይሥሩላት፤ ልጇ ትጠብቃታለች። ቁልፉን ግን ከዛሬ ጀምሮ ፋኢዛ ትያዘው።"

ጴጥሮስ ወደ ልጅቷ ዞረ። "ልጄ፣ ያን ቀን በሰው ፊት ያልኩሽ ሐሰት ነበር። ይኸው በሰው ፊት ይቅር በይኝ።"

ፋኢዛ አልሳቀችም። መሳቢያዋን ከፍታ ስልኳን አወጣች፤ ከዚያ ቁልፎቹን አነሣች።

"የካቢኔው የትኛው ነው፣ ጋሼ?"

"ትንሿ፣" አላት። ከሌሎቹ ለይቶ አሳያትና ሳጥኗን ይዞ ወደ እትዬ ሰአዳ ሱቅ ሄደ።