በሶ የለጠፍኩበት መንጠቆ

ከቤቴ የወጣሁት ካቻምና በነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ፣ ጭጋጉ ከእንጦጦ ወደ የካ ሲወርድ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። ታክሲው ጭቃውን አልወጣም ስላለ እስከ አስፋልቱ በእግራችን ወረድን። ሻንጣዬን የተሸከመው ባለቤቴ ተሰማ ነው። ከፊት ከፊቴ እየሄደ፣ ዞር ሳይል፣ «ለኅዳር ሚካኤል ትደርሻለሽ አይደል?» አለኝ። በኅዳር የሚካኤል ጽዋ ተራው የኛ ነው፤ ማኅበርተኛው ሁሉ እኛ ቤት ይመጣል።

«ሦስት ወር ምን አላት፤ እደርሳለሁ» አልኩት።

ውሸቴን ነው። ልጄ መሠረት ካናዳ ሆና ወረቀቱን ያስጨረሰችልኝ ለብዙ ዓመት መሆኑን አውቅ ነበር። መንታ ወልዳለች፤ ባሏ ከባድ መኪና ስለሚነዳ በሳምንት አንድ ቀን ነው ቤቱ የሚያድረው፤ እሷ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ግን ሽማግሌ ሰው ሻንጣዬን ተሸክሞ ጭቃ ላይ እያዳለጠው እንዴት ብዬ ልንገረው? አዝኜለት ነው የዋሸሁት። ሰፈር ያላችሁት ይህን ስታነቡ «ዘውዲቱ? ያቺ ሐቅ ሐቅ እያለች ዳኛውን የምታስጨንቀው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ እኔው ነኝ።

አሁን ያለሁበት ከተማ ካናዳ ምዕራብ ዳር ነው፤ የዝናብ አገር። የኛ ክረምት ሥርዓት አለው። በሰኔ ይመጣል፣ ያጓራል፣ ይደበድባል፣ በመስቀል ተሰናብቶ ይሄዳል። የዚህ ግን ድምፅ የለውም፤ አይመታ፣ አያባራ፣ ሲያለቃቅስ ይከርማል። ጫካው ከሩቅ እንጦጦን ይመስላል። ደስ ብሎኝ ቅጠሉን ቆርጬ ባሸው ባሕር ዛፍ አይሸትም። እዚያው ቆሜ እንደ ሞኝ አለቀስኩ።

የምንኖረው ከፎቅ ቤት ሥር፣ ቤዝመንት በሚሉት ነው። አከራያችን ግሌን ሚስቱ የሞተችበት፣ የኔ እኩያ የሚሆን ረጅም ሰውዬ ነው። የተዋወቅነው በጠብ ነው። ቁሌት ሳቁላላ ጣሪያው ላይ ያለችው የጭስ ደወል ጮኸች፤ እሱ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

«ምንድነው የሚቃጠለው?» አለ፤ መሠረት አስተረጎመች።

«ሽንኩርት ነው በይው።»

«ሽንኩርት እንዲህ አያስነጥስም።»

«በርበሬ ገብቶበታል። ደግሞስ የሱ ውሻ ቀኑን ሙሉ አናቴ ላይ ሲንጎራደድ እኔ ምን አልኩ? እሱ ከጮኸብኝ እኔም መጮኽ አለብኝ፤ ንገሪው!»

መሠረት ለዚያ ሁሉ ንግግሬ ሁለት ቃል ብቻ አለችለት። «ሶሪ» የምትለዋን ለየኋት።

«ሶሪ አላልኩም!» አልኳት። ሰውዬው ሳቀ፤ ፊቴን አይቶ ራሱ ተረጎመው መሰለኝ። በማግሥቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቀይ ዓሣ ይዞ መጣ። ሳልሞን ይሉታል። እኔም ስጦታ ያመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም ብዬ ግማሹን በአዋዜ ጠብሼ ላክሁለት። እያለቀሰ ጨረሰው፤ ከዚያ ወዲያ ተግባባን።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲጠባ ወንዝ ልውሰድሽ አለኝ። መሠረት የማጥመጃ ፈቃድ አወጣችልኝ፤ በሥራዋ ዕረፍት ቀን መንታዎቹን በጋሪ እየገፋች አብራን ወረደች። ወንዙ ቀበናን አሥር ጊዜ ያጥፈዋል። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ጠጠሩ ይቆጠራል። በልጅነቴ ልብስ ያጠብኩበትን ቀበናን እንዲህ ቢያደርጉልን ብዬ ቀናሁ።

ግሌን ሣጥኑን ከፈተ። ውስጡ ትልም የለ፣ ሊጥም የለ። አውራ ጣት የምታህል፣ ቅጠል የመሰለች የነሐስ ቁራጭ በሽቦ ላይ ተሰክታለች፤ ከሥሯ መንጠቆ። ስፒነር ይሏታል። ውሃ ውስጥ ስትሳብ ነሐሷ ትሽከረከራለች፣ ታብለጨልጫለች፤ ዓሣው ትንሽ ዓሣ እየመሰለችው ወይ ጎምጅቶ ወይ ተናዶ ይነክሳታል።

«ትሉስ?» አልኩ። ተሰማ በወጣትነቱ ግድብ ወርዶ ሲያጠምድ ትል ነበር የሚሰካው።

«ኖ ቤይት» አለ ግሌን። በዚህ ወንዝ ላይ መንጠቆ ላይ የሚበላ ነገር ማድረግ ክልክል ነው።

«ታዲያ ዓሣው ምን ያገኛል?»

«ብረት» አለችኝ መሠረት።

«ይህማ ማጭበርበር ነው! ትል የሚሰካ እንኳ የሚሰጠው ነገር አለ። ይህ ጠርቶ ባዶ አፍ መሸኘት ነው።»

ይህንንም አላስተረጎመችልኝም።

የሆነ ሆኖ አስተማረኝ። ትንሽ ወደ ላይ፣ በውሃው መምጫ በኩል ትወረውሪያታለሽ። እስክትሰምጥ ትታገሻለሽ። ከዚያ ክሩን ቀስ ብለሽ ትጠቀልያለሽ፤ ነሐሷ መሽከርከሯን እንዳታቆም ያህል ብቻ። ስትሽከረከር የማጥመጃው ዘንግ በእጅሽ ላይ እንደ ልብ ይመታል። ምቱ ቀጥ ሲል ሳብ ነው። ውሃው ሲጠራ ብርማዋን ስፒነር፣ ሲደፈርስ ነሐሷን። የዚያን ዕለት እሱ ስቲልሄድ የሚሉትን ብርማ ዓሣ ያዘ። ከጀርባው ወደ ጭራው ያለችው ትንሽ ክንፍ የተቆረጠች ከሆነ ሰው ያረባው ነው፣ ይበላል፤ ሙሉ ከሆነች የወንዙ ነው፣ ይለቀቃል። የሱ ሙሉ ነበረች። ከከንፈሩ ጫፍ መንጠቆዋን ነቀል አደረጋትና ለቀቀው፤ ዓሣው እንደ ጥይት ሄደ። እኔ ምንም አልያዝኩም።

ሳምንት ሙሉ ያቺ ባዶ ብረት ከነከነችኝ። በሳምንቱ ስንወርድ በኪሴ በሶ ይዤ ነበር። ተሰማ ከእንጦጦ ሥር ካለችው ማሳው ያመረተውን ገብስ አስቆልቶ፣ አስፈጭቶ በሰው የላከልኝ በሶ ነው። በቅቤ ጠበቅ አድርጌ አሸሁት፤ ግሌን ወደ ታች ራቅ ሲል በመንጠቆዋ ላይ አድበልብዬ ከነጠላዬ በመዘዝኩት ክር አሰርኩት። እንግዳ ጠርቼ ሳላጎርስ አልሸኝም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስወረውር ምቱ ቆመ። ዘንጉ ጎበጠ። «መሠረት!» ብዬ ጮኽሁ፤ ግሌን በጠጠሩ ላይ እየሮጠ መጣ። ያ ዓሣ ክንዴን ሊነቅለው ነበር። ዳር ሲደርስ ክንፉ ሙሉ ነው፤ የሚለቀቅ። ግሌን የዓሣውን አፍ ከፍቶ አየ። መንጠቆዋ ከንፈሩ ላይ የለችም፤ በሶዬን ይዛ ጉሮሮው ውስጥ ወርዳለች። ከጉንጩ ሥር ደም ይንጠባጠባል። ክሩን ቆረጠለት፣ የዓሣውን ራስ ወደ ወራጁ ውሃ አዙሮ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው፤ ብዙ ቆየ። ሲለቀው ዓሣው ጎኑን ሰጠ። ነጭ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ውሃው ይዞት ሄደ።

አረንጓዴ ጃኬት የለበሰች ወጣት ሴት ከኋላችን ቆማ አይታ ኖሯል። ተቆጣጣሪዋ ናት። ፈቃዴን አየች፤ ከዚያ ኪሴ ዳር የተጋገረውን በሶ ጠቆመች።

«ምንድነው ትላለች» አለችኝ መሠረት፤ ፊቷ ቀልቷል።

«በሶ ነው። ንጹሕ ነው፣ ትብላው። በረሃብ እንዳይታለል ብዬ ነው።»

ልጅቱ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ቁጭ ብላ በራሷ ጉንጭና ከንፈር እያሳየች አስረዳችኝ። ዓሣ ባዶዋን ብረት ሲነክስ ምግብ አለመሆኗን ወዲያው ያውቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩን ብቻ ትወጋዋለች፤ ትንሽ ቆስሎ ይሄዳል። የሚጣፍጥ ነገር ካለባት ግን አይተፋትም። አምኖ ይውጣታል።

«ዛሬ በማስጠንቀቂያ አልፍዎታለሁ ትላለች።»

«ለምን? አሮጊት ስለሆንኩ? ጥፋት ከሆነ ትጻፍብኝ! ለወጣቱ የሚጻፍ ለኔ የማይጻፍበት ምክንያት የለም።»

«እማዬ፣ በናትሽ!» አለች መሠረት። ይህን ጨርሶ አላስተረጎመችውም።

በመኪና ስንመለስ የልጅቱን ቃል ለራሴ እደግመው ነበር። አምኖ ይውጣታል። አምና ኅዳር ሲደርስ «ልጆቹ ታመው ነው» አልኩት፤ ተሰማ ለጠላው ያዘጋጀውን ጌሾ በማዳበሪያ ቋጥሮ ሰቀለው፤ ጽዋውንም ማኅበርተኛውን ለምኖ ለዘንድሮ አሻገረ። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «ለሚካኤል ትደርሻለሽ?» ይለኛል፤ «እደርሳለሁ» እለዋለሁ። በቅቤ እያሸሁ።

እዚህ ሲነጋ እዚያ ይመሻል። በማግሥቱ መንታዎቹ ሳይነቁ ደወልኩ።

«አቤት ዘውዴ» አለኝ። «ያምናው ጌሾ ሽታው ስለጠፋ ጣልኩትና አዲስ አመጣሁ። ሰዎቹም እያ…»

«ተሰማ፣ አልመጣም።»

«ለሚካኤል?»

«ለሚካኤልም፣ ለፋሲካም። መቼ እንደምመጣ አላውቅም። እነዚህ ልጆች እስኪጠኑ እሷን ጥዬ አልመጣም። ስወጣም ሦስት ወር እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ዋሽቼህ ነው።»

ከበስተኋላው የግቢያችን ቆርቆሮ በር በነፋስ ሲንቋቋ ይሰማኛል። የጥቅምት ነፋስ ነው፤ ከላይ ከጫካው የሚወርደው። ያን በር በድንጋይ አስደግፈው ብዬ ስንት ዓመት ነገርኩት።

«ሻንጣሽን የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ለሦስት ወር ከብዶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ።»

ዳኛ የማስጨንቀው ሴትዮ ነገሩን ወደ ጽዋው አዞርኩት።

«ጽዋውን ለሌላ ስጠው» አልኩት።

«አልሰጥም። ራሴ እጠምቃለሁ።»

«ይስቁብሃል።»

«ይሳቁ። አንቺስ ከፈረንጅ ጋር ወንዝ ወርደሽ ዓሣ ታጠምጂ የለ? ይልቅ ንገሪኝ፣ በምን ልጀምር?»

ጋኑን አጥበህ በወይራ እጠነው አልኩት። ጌሾውን በውሃ ዘፍዝፈው፤ ብቅሉን ጨምርና ተወው። ሦስት ቀን አትንካው። ከዚያ አሻሮውን፣ ቂጣውን። እያንዳንዱን ጮክ ብሎ ይደግመዋል፣ እንደ ቆሎ ተማሪ። «ከዚያስ?» ይለኛል። እኔም ዝግ እያልኩ ነገርኩት፤ ስጨርስ ስልኩ ይዘጋልና። የጋኑን አፍ ማሰሪያ ጨርቅ የት ሣጥን ውስጥ እንዳለች ሳይቀር ነገርኩት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መጠበቅ ነው።»

«ስንት ቀን?»

«ሰባት ቀን።»

«ሰባት ቀን» አለ። በሩ አንዴ ተንቋቋ። «ጥሩ ነው። ይኼስ ቁርጥ አለው።»