ሰማንያ ቀን በክፍት ቦታ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቤርሼባ በየጊዜው አዲስ ሰፈር ትወልድ ነበር። ራሞት በሚባለው አዲስ ሰፈር ክሬኑ ሲዞር፣ ባለ ግቢ ቤት በየኮረብታው ሲደረደር ይውላል። ያን ሁሉ የሚቆጣጠሩት ሰዎች ጊዜ ተርፏቸው እኛ የምንኖርበት አሮጌ ሰፈር፣ ሽኩና ኣሌፍ ድረስ መጡ፤ የእኔን ጎጆ ሊለኩ።

ጎጆ ስል ጥቂት ሳንቃ፣ አንድ ቆርቆሮና በበር ፈንታ የተሰቀለ ብርድ ልብስ ነው። ልጄ ሴት ልጅ በወለደች ጊዜ ከምድር ቤታችን ጓሮ ሠራሁላት። በእኛ በጎንደር አይሁድ ሥርዓት ሴት ልጅ የወለደች አራስ ሰማንያ ቀን ከቤት ተለይታ ትቀመጣለች፤ የነካትም ሰው እስኪመሽና እስኪታጠብ ድረስ ቤት አይገባም። ብዙዎች እዚህ ሲመጡ ትተውታል። ልጄ ግን "እማዬ፣ እንደ አንቺ ልቁጠር" አለችኝ። ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርኩ፤ ምግቧን ከድንጋዩ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። የልጅ ልጄ ስታለቅስ እሰማለሁ፤ አላቅፋትም።

በአሥረኛው ቀን ፓካሕ የሚሉት የግንባታ ተቆጣጣሪ ደብተርና ሜትር ይዞ መጣ። የእኔ ዕብራይስጥ ለገበያ እንጂ ለመንግሥት አይበቃም፤ ልጄ ከሳንቃው ኋላ ሆና አስተረጎመችን። ሰውየው ጎጆው ሲመልስለት ደነገጠ።

"ዕቃ ማስቀመጫ ነው?"

"ዕቃ አይደለሁም" አለች ልጄ።

"ታዲያ ሱካ ነው? የበዓል ዳስ ለሰባት ቀን ይፈቀዳል።"

ለሰባት ቀን የማያስቀይም ሳንቃ በሰማንያ ቀን ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት። ካርታ ዘረጋ። "ሳብታ" አለኝ፤ አያት ማለቱ ነው፤ "ሰፈሩ የመኖሪያ ነው። ጓሮው ግን ክፍት ቦታ ተብሎ ተመድቧል። ክፍት ቦታ ላይ አይኖርም።"

ጎንደር ለእኛ ርስት አይሰጡንም ነበር። እዚህ ቤት ሰጡን፤ የት እንደምንቀመጥበት የሚያውቀው ግን ካርታው ነው።

ሰውየው ገብቶ ሊለካ ተነሣ። ድንጋዩ ላይ ቆምኩ። "ግባ። ግን እስኪመሽ አትወጣም፤ ስትወጣም የማጥብህ እኔ ነኝ።" ልጄ እየሳቀች ተረጎመች። ሰውየው ከውጭ ሆኖ ለካ።

ከዚያ ወረቀት ሰጠኝ፦ በሠላሳ ቀን ካላፈረስሽ እኛ እናፈርሳለን። ለእኛ የቀረን ሰባ ቀን ነው። "ለቫዓዳው፣ ለኮሚቴው፣ ተቃውሞ ማስገባት ትችያለሽ" አለ፤ "ኮሚቴው እስኪወስን ማንም አይነካውም። ጓሮው የጋራ ስለሆነ ግን ጎረቤቶችሽ መፈረም አለባቸው።"

ይህን ሲል የላይኛዋ ጎረቤቴ በመስኮት ፈገግ አለች። የከሰሰችኝ እሷ መሆኗን ያኔ ዐወቅሁ። መስኮቱ ደግሞ መስኮት አልነበረም፤ በመስተዋት ዘግታ መኝታ ቤት ያደረገችው በረንዳ ነበር።

"ሜትርህን አትጠቅልል" አልኩት። "ያንን በረንዳ ለካ። የዚያኛውን የመኪና መጠለያ ለካ። ያንን የርግብ ቤትም ለካ።"

"አቤቱታ የቀረበው ባንቺ ላይ ብቻ ነው።"

"አሁን እኔም አቀረብኩ። ጻፍ።"

ጽፎ "ሌላ ቀን እመጣለሁ" አለና ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ ኬክ ይዛ ወረደች። "እማማ!" አለችኝ። በጉርብትናችን ዘመን ሁሉ ሰላምታዋን ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀን በአንድ የአማርኛ ቃል ጀመረች፤ ሌላውን ልጄ ከሳንቃው ኋላ ሆና ተረጎመችልን። "አራስ መኖሯን መች ዐወቅሁ!"

"ስሚኝ፣ በረንዳሽ እንዲፈርስ አልፈልግም" አልኳት። "ሜትሩ እኩል ይዘርጋ ነው የምለው። የእኔን ከተዉ ያንቺንም ይተዋሉ። የእኔን ካፈረሱ ግን ወደ በረንዳሽ የሚወጣውን ደረጃ እኔ ራሴ ነኝ የማሳያቸው።"

ፈረመች። ባለ መኪና መጠለያውም ባለ ርግቡም ፈረሙ፤ ተቃውሞውን አስገባሁ። የሕንፃችን ሰው ለአራስ እንዲህ የሚያዝን መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ኮሚቴው አንድ ጊዜ ሊቀመጥ ሲል ሰው ጎደለበት፣ አንድ ጊዜ በዓል መጣበት። እኛ መቁጠራችንን ቀጠልን። ሰማንያው ሲሞላ ልጄ ገላዋንም ልብሷንም አጥባ ወደ ቤት ገባች። አገር ቤት ጎጆው ይቃጠል ነበር፤ እዚህ ግን ለእሳቱ ሌላ ካርታ ይዘረጉብኛል ብዬ ሳንቃ በሳንቃ ፈታሁት።

ከሳምንት በኋላ ሰውየው ሁለት ሠራተኞች አስከትሎ መጣ። ኮሚቴው ወስኗል፤ ጎጆው ይፍረስ። እኔ ከድንጋዩ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ የልጅ ልጄ እቅፌ ውስጥ ናት።

"የታለ?" አለ። ይህን እንኳ በዕብራይስጥ ገባኝ።

"ልጄ ሰማንያዋን ጨረሰች" አልኩት።

ደብተሩን አገላበጠ፤ ለዚህ የሚሆን ቦታ አላገኘበትም። ሠራተኞቹ ሳቁ። መሄድ ሲጀምር ጠራሁትና ወደ ላይኛው በረንዳ አመለከትኩ። ኪሱን ዳበሰ፤ ሜትሩን ረስቶት መጥቷል።

"ግድ የለም፣ የልብስ ስፌት ሜትር አለኝ" ብዬ ሕፃኗን አስታቀፍኩትና ላመጣለት ገባሁ።