አታምጡ ያልኳቸው በጎች

ነገሩ የሆነው ሞባይል ስልክ ወደ መንዝ በገባ ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን ዛሬም ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አንዱ በስልክ «ይሰማል? ይሰማል?» ሲል ሳቄ ያመልጠኛል። ለምን እንደምስቅ በየጊዜው ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ያን ጊዜ በአንዲት የወረዳ ከተማ በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ የመስክ ሠራተኞች አስተባባሪዋ እኔ ነበርኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም። መንዝ ውስጥ ናት፣ ትበርዳለች፣ ይህ ይበቃል። ግማሾቻችን ቢሮ ተቀምጠን ወረቀት እናገላብጣለን፤ ግማሾቹ በየቀበሌው ከገበሬው ጋር ይውላሉ። እኔ ተዛውሬ ከመጣሁ ገና አጭር ጊዜዬ ስለነበር የመስኩን ሠራተኞች በስማቸው እንጂ በመልካቸው አላውቃቸውም ነበር።

ኃላፊያችን አቶ ጌታነህ ቅን ሰው ናቸው፤ አዲስ ነገር ደግሞ ሲበዛ ይወዳሉ። ቀደም ሲል የመስክ ሠራተኛው ሪፖርት ለማድረግ በየሳምንቱ ከተማ ድረስ በእግሩ ይመጣ ነበር። አቶ ጌታነህ ሞባይል ሲገዙ ይህ እንዲቀር ወሰኑ። «አንድ ቀን መጥቶ፣ አንድ ቀን አርፎ፣ አንድ ቀን ተመልሶ፣ መቼ ሊሠራ ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው በስልክ ሆነ።

አካሄዱ እንዲህ ነበር። ሰኞ ጠዋት የመስኩ ሠራተኞች በየአካባቢያቸው ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ይወጣሉ። እኛ ቢሮ ጠረጴዛውን ከበን እንቀመጣለን። አቶ ጌታነህ በየተራ ይደውሉላቸውና ስልካቸውን ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ያቆሙታል፤ ድምፁ ጎላ እንዲል ነው። ጣሳዋን ቢጫ ቀለም አስቀብተዋት ነበር። ከዚያ ሁላችንም አንገታችንን ወደ ጣሳዋ አስግገን እናዳምጣለን። አቶ ጌታነህ ሲናገሩ ከወንበራቸው ይነሳሉ፤ በጣሳ ፊትም ቢሆን ስብሰባ ስብሰባ ነው ባይ ናቸው።

ችግሩ የመንዝ ሰላምታ አጭር አለመሆኑ ነው። እንዴት ከረማችሁ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ገብሱ እንዴት ነው፣ የእነእገሌ እናት ተሻላቸው ወይ ስንባባል ኔትወርኩ ሰልችቶት ይሄዳል። የቀረውን ነፋሱ ይወስደዋል። ቢሆንም አቶ ጌታነህ በየደረሱበት ስለዚህ ስብሰባ ሲያወሩ ወሬው ዞን ድረስ ደረሰ። አንድ ቀን ከዞን ተደውሎ፣ በስልክ የመምራት ምርጥ ተሞክሯችንን የሚቀምር ባለሙያ ሐሙስ እንደሚመጣ ተነገረን። አቶ ጌታነህ ጣሳዋን በድጋሚ ቀለም አስቀቡ።

ለዚያው ሐሙስ ደግሞ ሌላ ነገር ታስቦ ነበር። በቆላው በኩል የበግ ፈንጣጣ ገብቷል የሚል ወሬ ስለነበር፣ የሦስት ቀበሌ ገበሬዎች በጎቻቸውን ይዘው ከቢሯችን ጎን ካለው ክሊኒክ ሜዳ መጥተው እንዲያስከትቡ ተነጋግረን ነበር። ማክሰኞ ግን የክትባቱ ማቀዝቀዣ ተበላሸ። የሚጠግነው ሰው ከሞላሌ መምጣት አለበት፤ እሱም በቶሎ እንደማይደርስ አሳወቀን። ስለዚህ ክትባቱን ማስተላለፍ ግድ ሆነ።

ያን መልእክት ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። የደወልኩት ሽመልስ ለሚባለው የመስክ ሠራተኛ ነው፤ ለሌሎቹ ሁለት ቀበሌዎች የሚያደርሰው እሱ ነበር። ሽመልስን በድምፁ ብቻ ነው የማውቀው። ከዋሻ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ አለው። በሐሳቤ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ጢሙን ያጎፈረ ግዙፍ ሰው አድርጌ ስየዋለሁ።

«ሽመልስ፣ ሐሙስ በጎቹን አታምጡ። ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል። እንግዳም ስላለብን አይመችም» አልኩት።

ነፋስ ሲነፍስ ይሰማኛል። ቆየት ብሎ «ለሁሉም?» ሲል ሰማሁ።

«አዎ፣ ለሁሉም» አልኩት።

«ገብቶኛል» አለ በዚያ ድምፁ። እንዲህ ባለ ድምፅ ገብቶኛል ያለን ሰው ማን ይጠራጠራል? ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት እንግዳው ደረሱ። አቶ ሰይፉ ይባላሉ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ የመጡበት መኪና በሩ እንደ መስታወት ተወልውሏል። የሰው ሀብት ልማት ባለሙያ ነበሩ። ወደ ስብሰባው ክፍል አስገባናቸው። አቶ ጌታነህ ስለ ጣሳዋ አጠር ያለ ማብራሪያ ሰጡና ስልካቸውን ውስጧ አቁመው ለሽመልስ ደወሉ።

ስልኩ አልሠራም። ሁለተኛውን ሠራተኛ ሞከሩ፤ እሱም የለም። ሦስተኛውም የለም። አንዲት ሴት ብቻ ደጋግማ ደንበኛው ሊገኙ እንደማይችሉ ትነግረናለች። የመንዝ ብርድ እያለ አቶ ጌታነህ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት «የትም ይሁኑ የት፣ በእጃችን ናቸው» ብለው ነበር።

እንደገና ደወሉ። በዚህ መሐል ከሩቅ የሚመጣ የበግ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ብዙ።

አቶ ሰይፉ ፊታቸው በራ። ወደ ጣሳዋ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። «ገባ መሰለኝ» አሉ፤ «እንዴት ጥርት ብሎ ይሰማል!»

እኔ ግን በመስኮቱ በኩል ነበርኩና አየሁ። በላይኛው መንገድ አቧራው ተነስቷል። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡላ በግ መንገዱን ሞልቶ እንደ ጎርፍ ወደ እኛ ግቢ ይወርዳል። ጥበቃው በሩን ሊዘጋ ሲሮጥ መንጋው ቀደመው። አቶ ሰይፉ አሁንም ጣሳዋ ላይ ናቸው። «እየቀረበ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ወዲያው የክፍሉ በር ተገፋና አንዲት ነጭ በግ ገባች። ሁላችንንም አየት አድርጋ ወደ ጠረጴዛው መጣች።

ከኋላዋ አንድ ቀጭን፣ አጭር፣ ጋቢው ከእሱ የሚከብድ የሚመስል ሰው ብቅ አለ። «በታዘዝነው መሠረት ሁሉንም አምጥተናል» የሚል ወፍራም ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እኔ የተናገረውን ሰው ፍለጋ ከእሱ ኋላ አየሁ። ማንም የለም። ሽመልስ እሱ ራሱ ነበር።

ያልኩትን ነገርኩት፤ የሰማውን ነገረኝ። ነፋሱ መሐሏን ወስዶበት «አታምጡ» ለእሱ «አምጡ» ሆናለች። ስለ ማቀዝቀዣው ያልኩት ጭራሽ አልደረሰውም፤ እንግዳ አለብን የሚለው ግን ደርሶታል። እንግዳማ ካለ ብሎ በጎቹን «ሁሉንም?» ብሎ ጠይቆኛል። እኔ ደግሞ «ለሁሉም?» ብዬ ሰምቼ አዎ ብዬዋለሁ። ስለዚህ የሚከተቡት ብቻ ሳይሆኑ ግልገሉም፣ ሙክቱም፣ አውራውም አንድ ሳይቀር መጣ።

ወጥተን ሳናረጋጋ አውራ በጎቹ ሥራ ጀመሩ። አንደኛው በተወለወለው የመኪና በር ውስጥ የሚመስለውን በግ አየ። አፈገፈገና ሄዶ ገጨው። ያኛውም በግ እንዳልተሸነፈ ሲያይ ደገመ። ሹፌሩ ኮቱን አውልቆ በሩን እስኪሸፍነው ድረስ ጠባቸው አልበረደም፤ በሩ ግን ጎድጉዷል።

አቶ ጌታነህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው እንግዳውን በጓሮ በር አስወጥተን ምሳ እንድንወስዳቸው ሐሳብ አቀረቡ። ዘግይቷል። ገበሬዎቹ ጥቁሩን ሙሉ ልብስ አይተው ሐኪሙ እሳቸው ናቸው ብለዋል፤ በጎቻቸውን ይዘው ፊታቸው ተሰልፈዋል። ከፊት የቆሙት ጋሽ እሸቴ የሚባሉ በርኖስ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው። የአንዷን በግ አንገት አቅፈው «ጌታው፣ ከእኔ ይጀምሩልኝ፤ ሌሊት የተነሳሁ ነኝ» አሉ።

አቶ ሰይፉ ደንገጥ ብለው፣ «አባቴ፣ እኔ የበግ ሐኪም አይደለሁም። የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ» አሉ።

ጋሽ እሸቴ ግራ ተጋብተው አዩዋቸው። «ታዲያ የሰው ሀብት በግ አይደል?» አሉ።

አቶ ሰይፉ ወደ እኔ ዞሩ። 

እዚህ ላይ ለእኔ ሳቁ አበቃ። እነዚህ ሰዎች በውርጭ ተነስተው ዳገት ቁልቁለቱን አቋርጠው የመጡ ናቸው። ባዶ እጃቸውን ብንመልሳቸው፣ ማቀዝቀዣው ተጠግኖ ክትባቱ ሲደርስ አንድ ሰው አይመጣልንም። ፈንጣጣው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። አቶ ጌታነህ ሐኪሙ ትንሽ ዘግይቷል ብለን እስክናስብበት እንዲጠብቁ ፈለጉ። እኔ እምቢ አልኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ መርፌው እንደሌለ፣ ማቀዝቀዣው እንደተበላሸ፣ አታምጡ ብዬ እንደነበርና ስልኩ አምጡ አድርጎ እንዳደረሰው ነገርኳቸው።

  ሰው ሁሉ ሽመልስን ሲያይ እሱ ጋቢው ውስጥ ሊጠፋ ደረሰ።

መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ እሸቴ ናቸው። «እንግዲህ ይህ ስልካችሁ ቃል ይበላል ማለት ነው» አሉ። «በግ የሚበላ ጅብ እናውቅ ነበር፤ ቃል የሚበላ አሁን አየን።» ከኋላ አንዱ መሳቅ ጀመረ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ።

ሳቁ ፋታ ሰጠኝና መጋዘናችን ውስጥ የሆድ ትል ክኒን መኖሩ ትዝ አለኝ። ለሚቀጥለው ወር የመጣ ነበር፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ለአቶ ጌታነህ ስነግራቸው ቁልፉን ራሳቸው ሮጠው አመጡ። መርፌው እስኪደርስ የበጎቹን የሆድ ትል እናጥፋላችሁ ስንላቸው ገበሬዎቹ ተስማሙ።

ያን ቀን ከቢሮ የቀረ ሰው አልነበረም። ጸሐፊዋ የጫማዋን ተረከዝ ሣሩ ውስጥ ትታ በግ ትይዛለች። አቶ ጌታነህ ክኒን ያቀብላሉ። አቶ ሰይፉ መጀመሪያ ራቅ ብለው ቆመው ነበር፤ በኋላ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሽመልስ የበግ አፍ እንዴት እንደሚከፈት ሲያሳያቸው አንዲቷ ጣታቸውን ነከሰቻቸው። የተሰጣትን ክኒን መልሳ በደረታቸው ላይ የተፋችም ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ገበሬዎቹ መርቀውን ሲሄዱ፣ የሦስቱ ቀበሌ ሠራተኞችና እኛ የቢሮዎቹ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ከገበሬዎቹ አንዱ የተወልን በሶ ነበር፤ በጥብጠን ተካፈልነው። አቶ ሰይፉ በጥያቄ የሞላ ወረቀት ይዘው መጥተው ነበር፤ ሳያወጡት ተመለሱ። ከአንድ ወር በኋላ ግን አንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ በአንድ የስልክ ጥሪ የሦስት ቀበሌ ሕዝብ በአንድ ጠዋት ያንቀሳቀሰ ጽሕፈት ቤት በዓይናቸው እንዳዩ መሰከሩ። ስለ መኪናው በር አላነሱም። አቶ ጌታነህም አላረሙም። ጭራሽ ጭብጨባ ተቀበሉ።

ክትባቱ በኋላ ሲደርስ ጋሽ እሸቴም ሌሎቹም መጡ። አንድም ሰው አልቀረም።

ያን ዕለት በሶ ስንካፈል አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ከሽመልስ ጋር በየሳምንቱ እናወራለን፤ ነገር ግን ከልጆቹ ትንሿ ገና መራመድ እንዳልጀመረች፣ ስልክ የሚያናግረኝ ከገደል አፋፍ ቆሞ ጋቢውን በጥርሱ ይዞ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እሱም እኔን በድምፄ ሲገምት የጡረታ ዕድሜዋ የደረሰ አሮጊት አድርጎ አስቦኝ ኖሯል። ይህን ሲናገር ሁሉም ሳቀብኝ፤ ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። በነጋታው ከአቶ ጌታነህ ጋር ተነጋግረን፣ በወር አንድ ቀን ሁሉም በአካል እንዲገናኝ አደረግን። በስልክ ትእዛዝ የተቀበለም ምን እንደሰማ መልሶ መናገር ግዴታው ሆነ።

ዛሬ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ግማሹ ሠራተኛ እዚህ፣ ግማሹ ሌላ ቦታ ነው፤ መሣሪያውም ከድሮው በጣም ይሻላል። ሰዎቹ ግን አንዳንዴ ዓመት አብረው ሠርተው ከአስፋልት ማዶ ቢተያዩ አይተዋወቁም። የበጎቹ ቀን በወቅቱ ያፈርኩበት ቀን ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን በመንግሥት ሥራ ከዋልኳቸው ቀኖች ሁሉ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ የገባሁበት አላስታውስም። ልብሴ ለሳምንት በግ በግ ይሸት ነበር።