አራተኛ ፎቅ

ሰፈርተኛው «መቀስ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይቆርጣል። ስልሳ አልፏታል። አራተኛ ፎቅ ላይ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ትኖራለች፣ እዚያው ትሰፋለች። ሊፍት የለም።

ባለፈው ክረምት ደረጃው ላይ ጉልበቷ ከዳት፤ ወደቀች። ነርስ የሆነችው ልጇ ወደ ራሷ ቤት ወስዳ አስታመመቻት። ስትድን ግን ልጅቷ ነገሩን ጨርሳ ጠበቀቻት፦ ክፍሏ ትለቀቃለች፣ እናት ምድር ላይ ባለው የልጇ ቤት ትቀራለች። ልጅቷ የክፍሏን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች።

«ያንን ተራራ ወጥቼ በእግሬ ከተመለስኩ ቁልፌን ትሰጪኛለሽ» አለች መቀስ በመስኮት እያሳየች።

«እማዬ፣ እሱን እኮ ጎረምሳም እያለከለከ ነው የሚወጣው።»

«ጎረምሳ ዕድሜውን ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ አልኖረም።»

«ካቃተሽስ?»

«የስፌት መኪናዬን ሽጪው።»

«እሺ፣ ቅዳሜ» አለች ልጅቷ። እናቷ በዚያ መኪና እንደማትቀልድ ታውቃለች።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሱ። መቀስ ያደረገችው የልጇን ሸራ ጫማ ነው። ሰፍቷት ስለነበር ማታውን ጎንና ጎኑን ሰፍታ አጥብባዋለች። ጠዋት ልክክ ብሎ ገባ።

ሜዳው ቀላል ነበር። አቀበቱ ሲጀምር ኮረቱ ከሥራቸው ይንሸራተት ጀመር፤ ቦታ ቦታው ላይ በእጅ መቧጠጥ ነው። መቀስ ፊቷ ጠቆረ።

«ጉልበትሽ ነው?»

«ጉልበቴን ተይው።»

ጥቂት ሄዳ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች። ጉልበቷ አልነበረም። እግሯ አብጦ ጫማው ውስጥ ታንቋል። ለደንበኛ ሁሉ ሰው ይወፍራል ብላ ትርፍ ጨርቅ ትተዋለች። ለራሷ እግር አልተወችም። የለካችውም ቁጭ ብላ ነው።

አንገቷ ላይ ያንጠለጠለቻትን ትንሽ መቀስ አውጥታ የገዛ ስፌቷን ትተረትር ጀመር።

«የሰው ስፌት ስትነቅፊ ኖረሽ...» አለች ልጅቷ ሳቋ አፍኗት።

«ሳቂ። ትንፋሽሽን እዚሁ ጨርሺውና እኔ ልቅደምሽ።»

ቀደመቻትም።

ጫፉ ላይ ነፋስ ነበር። ከተማው ከታች ተዘርግቷል። የክፍሏን መስኮት ከዚያ ርቀት ማየት አይቻልም፤ ቢሆንም ጣቷን ቀስራ «ያቻት» አለች።

ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን ታሻለች። «በቃ፣ አየሁልሽ። በወዲያ በኩል አስፋልት አለ፤ መኪና እንያዝ።»

«በእግሬ ከተመለስኩ ነው ያልኩት።»

ቁልቁለቱ ከአቀበቱ ባሰ። መቀስ ገደላማው ጋ ቁጭ ብላ ተንሸራተተች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ በመቀመጫ ነው!»

«መቀመጫዬ የእግሬ ጎረቤት ነው። ነይ!»

መቀስ ከተከራየችበት ሕንፃ ሥር ሲደርሱ ጀንበር እየጠለቀች ነበር። ልጅቷ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተዘረፈጠች። «ዛሬ እኔ ጋ እደሪ፤ ነገ...»

መቀስ አልፋት ወጣች። ልጅቷ ከታች ሆና ታዳምጣለች። እርምጃው ይቆማል፣ ይቀጥላል፣ ይቆማል። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ልጅቷ ልትጣራ አፏን ስትከፍት ድምፁ ከላይ መጣ።

«አንቺ! በሩ ተቆልፏል። ቁልፉን ታመጪዋለሽ ወይስ ልውረድ?»

ልጅቷ የደረጃውን ብረት ይዛ ተነሳች። እያነከሰች መውጣት ጀመረች።