የቡዜ መርገጫ

በንቲን ከሞተሩ ነጥሎ የሚያስታውስ ሰው በእኛ ሰፈር፣ በላፍቶ፣ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ የጀሞ ኮንዶሚኒየሞች በቆሙበት ማሳ መሀል፣ የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭኖ ሠላሳ አራት ዓመት የተመላለሰው በዚያች ሰማያዊ ያማሃ ነው። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያስወግዳት እሱው ገዛት። «እኔንም እሷንም ባንድ ደብዳቤ ነው ያሰናበቱን» ይላል።

ሚስቱ ቡዜ እሑድ እሑድ ከኋላው ትቀመጥ ነበር። እንደ ወንድ አንፈራጣ ተቀምጣ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ወደ ግራ ዞራ፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ። በንቲም የቀኙን መርገጫ አስነቅሎ፣ በግራ በኩል ሁለቱንም እግሯን የሚችል ሰፊ ብረት አስበየደላት። ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ብረቱ ግን አለ፤ መሀሉ በጫማዋ ተፍቆ ነጥቷል።

ዘንድሮ ለሞተሯ ዓመታዊ ምርመራ አብሬው ሄድኩ። ቦሎ ካላገኘች መንገድ አትወጣም፤ መንገድ ካልወጣች ቀስ በቀስ የቁራሌው ናት። በንቲ ይህን ስለሚያውቅ ከቤት እስክንወጣ ሁለቴ አጠባት።

መርማሪዋ ዶርቃ የምትባል እጀ ፈጣን ልጅ ናት። ፍሬን፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ጭስ አየች፤ ሁሉም አለፈ። ከዚያ ቁጢጥ ብላ የኋላውን ጎማ ዳበሰች።

«አባባ፣ ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው ያለቀው። ጥለዋት ያውቃሉ እንዴ?»

«እሷ ጥላኝ ታውቃለች እንጂ!»

ሳቀች። ሻንሲውን ለካች፤ አልተጣመመም። «እስቲ ይንዱልኝ» አለችው። ግቢውን ዞሮ ተመለሰ።

«ሞተሯ ደህና ናት። እርስዎ ነዎት ወደ ቀኝ የሚያዘነብሉት። ወገብዎን ያምዎታል?»

በንቲ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየው። እኔ ግን ገባኝ። ቡዜ ወደ ግራ ስታደላ እሱ ወደ ቀኝ እያስተካከለ ኖሯል። ጎማው ግን የተገዛው እሷ ካረፈች በኋላ ነው። ስለ ልማድ በወጣትነቴ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ጎማ ላይ ተጽፎ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ጎማ መቀየር ቀላል ነው» አለች ዶርቃ፤ ቀጥላም ብረቱን በእጇ ነካ አደረገችው። «ይሄ ግን አያልፍም፤ ሊብሬው ላይ የሌለ ብየዳ ነው። አስቆርጠው፣ በግራም በቀኝም ደንበኛውን መርገጫ አስገጥመው ይምጡ።»

«ልጄ፣ እስከ ዛሬ ሲያሳልፉት ነበር፤ እሱ እኮ ማንንም አይነካም።»

«አውቃለሁ አባባ። በእኔ ቢሆን...»

ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ፣ በያጁ ሱልጣን መቁረጫውን ይዞ ጠበቀን። በንቲ ከሞተሯ ጎን ቆሞ ቀረ።

«አባ በንቲ፣ ልቁረጥ ወይስ ዱዓ ላድርግላት?»

«ቆይማ አንተ!» ወደ እኔ ዞረ። «እምቢ ብዬ ግቢዬ ውስጥ ላቆማት እችላለሁ። መርገጫውም አብሯት ይኖራል።»

«ትችላለህ» አልኩት።

ብረቱን በእጁ ዳበሰ። «ግን ቡዜ የቆመ ሞተር ላይ ተቀምጣ አታውቅም» አለና ለሱልጣን በእሺታ ራሱን ነቀነቀለት።

በንቲ የተቆረጠው ብረት እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ከተተው። ጎማውም መርገጫዎቹም ተቀየሩ። ከሰዓት በኋላ ዶርቃ ቦሎውን ሰጠችው።

ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላ የተፈናጠጥኩት እኔ ነበርኩ፤ አንድ እግሬ በግራ፣ አንዱ በቀኝ።

«በንቲ፣ ቀና በል፤ ልትጥለኝ ነው!»

«ቀና ብያለሁ እኮ።»

ቀና አላለም። ትከሻው ወደ ቀኝ እንደወደቀ መካኒሳን አለፍን።

በሩ ጋ ስንደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ግራ እግሩን መሬት ላይ አስደግፎ ቆመ። ቡዜ ወርዳ በሩን እስክትከፍት እንዲህ ነበር የሚጠብቃት። ወደ ኋላም አልዞረም። እኔም በግራ በኩል ወርጄ በሩን ከፈትኩለት።